ሁለት ሸራ፣ አንድ ክረምት

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ትናንት ሥላሴን አንግሠን ስንመለስ፣ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ወደ ፒያሳ በሚያመጣው መንገድ ላይ ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ግማሽ ላይ አልቆመም፤ እግሬን ተከትሎ ቀስ እያለ ወለሉ ድረስ ወረደ። ማርሽ ቀንሼ ደጋግሜ ረገጥኩት፤ በሦስተኛው ያዘ። ከፊታችን ነጠላ ያጣፉ እናቶች መንገዱን ሞልተውት ነበር፤ አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩንም። እኔ ግን እስከ ማራኪ ድረስ ከሁለተኛ ማርሽ አልወጣሁም፤ ባለቤቴም መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። ግቢ ስንገባ ብቻ "ይህችን መኪና ወይ አሠራት፣ ወይ ሽጣት" አለችኝ።

ራሴ ልሠራት ወሰንኩ። አንደኛ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ጊዜ አለኝ። ሁለተኛውና ዋናው ግን ሌላ ነው፤ ባለፈው ጥር አንድ ጋራዥ "የኋላውን ፍሬን ሙሉ በሙሉ አድሰናል" ብሎ ገንዘቤን ተቀብሏል። ምን እንዳደሰ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

መኪናዋ ዲኤክስ ኮሮላ ናት፤ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1982 ሥሪት። በዕድሜ በሁለት ዓመት ስለምትበልጠኝ "አንቱ" ልላት በተገባ ነበር። ከፊት በዲስክ፣ ከኋላ በታምቡር፣ ማለትም ሸራው ከውስጥ በሚይዘው የብረት ከበሮ፣ ትቆማለች። ዛሬ ኮፈኑን ከፍቼ የፍሬን ዘይቱን ማጠራቀሚያ አየሁ፤ ከታችኛው መስመር በታች ወርዷል። አራቱንም ጎማዎች በውስጥ በኩል በባትሪ መረመርኩ። የግራ የኋላው ርሷል። ክረምት ነው፣ ያልራሰ ነገር የለም፤ ይኼኛው እርጥበት ግን በጣት ሲያሹት ያንሸራትታል።

በዚያው በግራ በኩል ሌላ ዕዳም አለብኝ፤ የፊተኛው ፓራፋንጎ፣ ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ። ሚያዝያ ላይ አራዳ ገበያ አጠገብ አንድ ባጃጅ ሲዞር ገጭቶት፣ ሰሐን የሚያህል ጉድጓድ ትቶበታል። ሁለቱንም ሥራ በዚህ ክረምት ልጨርስ አስቤአለሁ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ያለው ፓራፋንጎው ላይ ነው፤ ሰው የሚያየው እሱን ነውና።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ግቢያችን የመኪና መጠለያ የለውም። ከአጥሩ እስከ ማድ ቤቱ ጣሪያ የድንኳን ሸራ ወጠርኩ። ከላይ በሸራ ዝናብ ልከላከል፣ ከታች በፍሬን ሸራ መኪና ላቁም ማለት ነው። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራው የኔን ግቢ አይቶ ይመስላል።

በክሪክ ብቻ የተነሣች መኪና ሥር እጅ አይገባም። አንድ ጎረቤት "ብሎኬት ደርድርበት" ብሎኝ ነበር፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። ከባሕር ዛፍ ግንድ ሁለት ወፍራም ጉማጆች አስቆርጬ ከሥሯ አቆምኩ፤ የፊት ጎማዎቿን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ከለከልኩ። የቸርኬውን ዳዶዎች መኪናዋ መሬት ላይ እያለች ነው ያላላሁት፤ ከተነሣች በኋላ ጎማው አብሮ ይዞራል።

ታምቡሩ ግን እምቢ አለ። በመዶሻ ዙሪያውን መታሁት። ሩብ ሰዓት ያህል ስቀጠቅጥ፣ ዕድሜያቸውን በባትላሜራ ሥራ የጨረሱት ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። ሰፈሩ በሙሉ "ጋሼ" ነው የሚላቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ብረት ሲመታ ምን ላይ እንዳረፈ ያውቃል።

"መምህር፣ የእጅ ፍሬኑን ፈትተኸዋል?"

አልፈታሁትም ነበር። መኪናዋ እንዳትንሸራተት ብዬ ራሴው ስቤ፣ ራሴው መዶሻ አንሥቼባታለሁ። ከተፈታም በኋላ ታምቡሩ ትንሽ ተነቃንቆ ቆመ። ጋሼ በመዳፋቸው ፊቱን ዳሰሱና "እነዚህ ሁለት ቀዳዳዎች ለጌጥ አይደሉም" አሉ። ክር ያላቸው ቀዳዳዎች ናቸው። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን በየአንዳንዳቸው አስገብቼ ተራ በተራ፣ ሩብ ዙር ሩብ ዙር አጠበቅኳቸው። ቡሎኖቹ ከኋላ ያለውን ብረት እየገፉ ታምቡሩን ወደ ውጭ አመጡት። አንዴ "ጧ" አለና እጄ ላይ ወደቀ። ሩብ ሰዓት የመታሁትን ሁለት ቡሎን በሁለት ደቂቃ ጨረሱት።

ውስጡ የጠላ አተላ ይመስላል፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚሸት። የሸራ ብናኝና የፍሬን ዘይት ተቦክተው ነው እንዲህ የሆኑት። ደረቅ ቢሆን ኖሮ አፌን ሸፍኜም ቢሆን አልነፋውም ነበር፤ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ይገኛል፤ ብናኙም ለሳንባ ጠንቅ ነው። በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግሁ ጨርቁን በፌስታል ቋጠርኩት። ሲጠራ የጎማውን ሲሊንደር፣ ሸራውን በዘይት ግፊት ወደ ታምቡሩ የሚገፋውን፣ የያዙት ቡሎኖች ታዩ። ዝገቱ እርስ በርስ አጣብቋቸዋል፤ መፍቻ የነካው ምልክት አንድም የለም። ጥር ላይ የከፈልኩት ለዚህ ነው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ሲሊንደሩን ፈታሁት። ትልቁ ችግር የዘይት ቧንቧው ዳዶ ነበር፤ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ በዝገት የተያዘ። በተራ መፍቻ ብታገለው ማዕዘኖቹ ይላጫሉ፣ ቧንቧውም አብሮ ይጠመዘዛል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ዘይት እያጠጣሁት አድሬ፣ ከአንድ መካኒክ የተዋስኩትንና ዳዶውን ዙሪያውን የሚያቅፈውን መፍቻ አምጥቼ ቀስ ብዬ ለቀቅሁት። ቧንቧው ተርፏል። ባይተርፍ ኖሮ አንድ ወዳጄ የማቀዝቀዣ መዳብ ቱቦ እንድተካበት መክሮኝ ነበር። ይህ ምክር በየሰፈሩ አለ፤ መዳብ ግን መንቀጥቀጥ ሲበዛበት እየደረቀ ይሰነጠቃል፤ ለፍሬን አይሆንም።

የሲሊንደሩን ጎሚኒ፣ ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚዘጋውን ጎማ፣ ሳወጣው ከንፈሩ ተበልቷል። እሱን ብቻ ቀይሬ ልመልስ አስቤ ነበር፤ ውስጡን በጨርቅ ስጠርገው ግን ግድግዳው ላይ የምስር ፍሬ የሚያህሉ የዝገት ጉድጓዶች አገኘሁ። እንዲህ ባለው ላይ አዲስ ጎሚኒ ማስገባት ትርፉ ለሁለት ወር ነው።

ዝገቱ ከየት መጣ? የፍሬን ዘይት ውኃ ይጠጣል። ከአየር ውስጥ እርጥበት እየሳበ፣ ዓመት በዓመት ይቀጥናል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውኃ ሲገባበት የሚጠበቅበት መጠን ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ንጹሕ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በአሮጌ ዘይት ሊማሊሞን የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ከጋለ፣ በቧንቧው ውስጥ የሚያገኘው ፈሳሽ ሳይሆን እንፋሎት ነው። ፈሳሽ አይታመቅም፤ ለዚህ ነው እግር የገፋው ጎማው ድረስ የሚደርሰው። እንፋሎትና አየር ግን ይታመቃሉ፤ እግር ይገፋል፣ ጎማው ይሄዳል። የፓስካልን ሕግ ስንት ዓመት በጠመኔ አስተምሬዋለሁ፤ በእጄ ስይዘው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ሲሊንደሩ እዚህ አልተገኘም። የአራዳን የመለዋወጫ ሱቆች አንድ በአንድ ዞርኩ፤ ለቪትዝ ሁሉም አለው፣ ለዲኤክስ "የለም" ነው መልሱ። አዲስ አበባ ያለው የእህቴ ልጅ ፈልጎ በአውቶቡስ ይልካል። ሁለት ሲሊንደር፣ አንድ ሙሉ የኋላ ሸራ። የተበላሸው የግራው ብቻ ቢሆንም ሸራ በአንድ በኩል ብቻ አይቀየርም፤ መኪናዋ ስትቆም ወደ አንድ ወገን ትጎትታለች። በዘይት የራሰውን ሸራ ጋሼ "ድሮ ቤንዚን አርከፍክፈን እናቃጥለው ነበር" አሉኝ። "ይሠራ ነበር?" አልኳቸው። "ደንበኛው እስኪከፍል ድረስ።"

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ዕቃው እስኪመጣ ወደ ፓራፋንጎው ዞርኩ። ደስ እያለኝ ነው፤ አልደብቅም።

ቀለሙን እስከ ብረቱ ድረስ ለማንሣት ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ጀመርኩ። ብረት የሚባል ነገር ግን አልመጣ አለ። ነጭ ቀለም፣ ከሥሩ ግራጫ ስቱኮ፣ እንደገና ነጭ ቀለም፣ እንደገና ስቱኮ። ካቻቪቴ አስገብቼ ስፈነቅለው የእንጀራ ቁራሽ በሚያህል ገበታ ተነሣ። ውፍረቱን በማስመሪያ ለካሁት፤ 12 ሚሊ ሜትር። ስቱኮ ከሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ከተለሰነ እየተሰነጠቀ ውኃ ያስገባል፤ ይኼኛው ደግሞ ግንብ ሆኗል። ከሥሩ የጆንያ ቁራጭ አለ። የበሰበሰ ቀዳዳ ነበረና በጆንያ ደፍነው፣ በላዩ ለስነውበታል።

ከሁሉም ሥር፣ ብረቱ ላይ የተጣበቀው የመጀመሪያ ቀለም ሰማያዊ ነው። የታክሲ ሰማያዊ።

መኪናዋን የሸጠልኝ ሰው "የአንድ ሐኪም ነበረች፣ ከቤት ወደ ሆስፒታል ብቻ ነው የሄደችው" ብሎኝ ነበር። ለጋሼ ስነግራቸው ሳይስቁ "ሐኪሙ ታክሲ ይነዱ ነበር ማለት ነዋ" አሉ።

ልጄ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ማግኔት አምጥታ መኪናዋን ዙሪያዋን ታስሳለች። ማግኔት ብረት ላይ ይጣበቃል፤ ወፍራም ስቱኮ ላይ ይወድቃል። ይህን ዘዴ ከመግዛቴ በፊት ማን በነገረኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ጋሼ የዕቃ ሳጥናቸውን ይዘው መጡ። ውስጡ አራት ዓይነት መዶሻ፣ አንድ የእንጨት መዶሻና የባቡር ሐዲድ ቁራጭ አለ። ጎንደር ባቡር ገብቶ አያውቅም፤ ሐዲዱ ግን ጋሼ ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ሁለት ጎኑ በሥራ ብዛት እንደ መስተዋት ያበራል።

"የተጎዳ ላሜራ እንደ ገባ አይወጣም፤ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ነው የሚወጣው" አሉ። ባጃጁ ሲገጭ መጀመሪያ የጎደጎደው መሐሉ ነው፤ ዳሩ ላይ ያለው እጥፋት በመጨረሻ የመጣ ነው። ስለዚህ ከዳር ይጀመራል። ሐዲዱን ከኋላ ደግፈው፣ ከፊት ደግሞ ተነሥቶ የቀረውን ጠርዝ በትንሿ መዶሻ ነካ፣ ነካ፣ ነካ። ምቱ ከክርን ሳይሆን ከእጅ አንጓ ነው። መዶሻው በትክክል ሐዲዱ ያለበት ቦታ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ሲስት ደፍን ይላል። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሠሩት ብል አይጋነንም፤ ከየአሥር ምቱ በኋላ ግራ እጃቸውን ጨርቅ ላይ አድርገው ላሜራውን ያሻሉ። በጨርቅ ላይ ሲሆን ጣት አይያዝም፣ አያታልልም። እኔም ሞከርኩት፤ በባዶ እጄ ያልተሰማኝ ጉብታ በጨርቁ ላይ ተሰማኝ።

ጋሼ ቡና ሊጠጡ ሲሄዱ ሥራውን ቀጠልኩ፤ መቀጠል አልነበረብኝም። የቀረችውን ትንሽ ጉድጓድ ከውስጥ በኩል በኃይል ስመታት ወደ ውጭ አበጠች። ወደ ውስጥ ስገፋት "ጧ"፣ ከዚያ ተመልሳ "ጧ"፤ እንደ ቆርቆሮ ክዳን። ብረቱ በምት ብዛት ተለጥጦ ቦታው ጠቦታል። ጋሼ ሲመለሱ ድምፁን ከበሩ ሰምተው "ብረት አስረዘምክ" አሉኝ። ያበጠውን ነጥብ ብቻ በብየዳ እሳት እስኪቀላ አግለው፣ በመዶሻ ነካ አድርገው፣ በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቀዙት። ሲቀዘቅዝ ተሰበሰበ። የተጨማደደ ጨርቅ በካውያ የተተኮሰ ነው የመሰለኝ፤ ነገሩ ግን የሙቀት መስፋትና መጥበብ ነው፤ እሱንም አስተምራለሁ።

የመዶሻ፣ የሐዲድና የመፍቻ ነገር ሲነሣ አንድ ነገር ልጻፍ። ፓራፋንጎ፣ ላሜራ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ፣ ጎሚኒ። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄዷል፤ ፒያሳ ላይ ሕንፃው ቀረ፣ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ቋንቋው። ልጄ "ካቻቪቴ አማርኛ አይደለም እንዴ?" አለችኝ። አሁንማ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ጆንያው የነበረበት ቀዳዳ ተበየደ። ከፓራፋንጎው ግርጌ፣ ጭቃ የሚጠራቀምበት ቦታ ነው፤ ውኃ የሚወጣበት መንገድ በደረቀ ጭቃ ተደፍኖ ስለኖረ ብረቱ ከውስጥ ነው የተበላው። የባትሪውን ገመድ አላቀቅሁ፤ በያጁ በር የሚሠራ ልጅ ስለሆነ መጀመሪያ አንድ ቦታ በሳው፤ የመኪና ላሜራ ከአንድ ሚሊ ሜትር ይቀጥናል። ከዚያ ነጥብ በነጥብ፣ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ እያቀዘቀዘ ጨረሰው። ከውስጥ በኩል ፀረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26

ስቱኮ። ለመቶ ግራም ሁለት ግራም ያህል ማጠንከሪያ ነው የሚገባው፤ ሲበዛ ቶሎ ይደርቃል ብሎ መጨመር ስሕተት ነው፤ በኋላ ቀለሙ ላይ እድፍ ሆኖ ይወጣል። በቀጭኑ ቀባሁ፣ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኩ፣ እንደገና ቀባሁ፣ በ180 ጨረስኩ። አሥር ሰዓት ላይ በጣም አምሮ ነበር። የመጀመሪያውን ቀለም ነገ እቀባለሁ ብዬ ገባሁ።

ማታ የጣለው ዝናብ የድንኳኑን ሸራ ሆድ አስወጣው። ውኃው ተጠራቅሞ ተጠራቅሞ፣ ሌሊት ላይ ምሰሶው ሲያዘነብል ሙሉውን ፓራፋንጎው ላይ ደፋው። ያልተቀባ ስቱኮ ውኃ እንደ ፍርፍር ይመጠምጣል። ጠዋት ደርቆ ስለነበር "ምንም አልሆነም" ብዬ ራሴን ሳጽናና ጋሼ በጥፍራቸው ጫሩት። ከሥሩ ብረቱ ላይ ብርቱካንማ ነጥብ ታየ፤ አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያደረው።

ሁሉንም ላጥኩት። ሁለት ቀን።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 30

የፍሬኑ ዕቃ ዛሬ ከአዲስ አበባ ደረሰ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጉዞ፣ ካርቶኑ በበርበሬ ሽታ ተሞልቶ። ሲሊንደሮቹ ትክክል ናቸው። መግጠም የነበረብኝ ያኔውኑ ነው። ነገር ግን የአየር ጠባዩ ለሁለት ቀን ሊያዘንም አይመስልም፤ አዲሱ ስቱኮም ደርቋል። "ቀለሙን ልጨርስና ነው ፍሬኑን" አልኩ።

ጋሼ ምንም አላሉም። ዝም ማለታቸውን እዚህ የምመዘግበው ለኋላው ስለሚያስፈልግ ነው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

ነጭ አንድ ቀለም ይመስለኝ ነበር። የነዳጅ ማስገቢያውን ክዳን ፈትቼ ቀለም ቤት ወሰድኩት፤ ባለሙያው በዓይኑ ብቻ እያየ ጥቂት ቢጫ፣ የመርፌ ጫፍ ያህል ጥቁር እየጨመረ ክዳኑ ላይ እየነካ አመሳሰለው። በሱቁ መብራት ፍጹም አንድ ናቸው።

ኮምፕረሰሩን ከሰፈራችን የቤት ዕቃ ሠሪ ተከራየሁ። መጀመሪያ የታንኩን ውኃ አስወጣሁ፤ ግማሽ ብርጭቆ የሚሆን ዝገታማ ውኃ ወጣ። ይህ ባይወጣ ኖሮ በቀለሙ ላይ ፈንጣጣ ሆኖ ይቀር ነበር። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ሰባት ፀሐይ ነበረ፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው የሚቀባው፣ እርጥበት ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ግቢውን በውኃ አርከፍክፌ አቧራውን አስተኛሁ፣ በሮቹን በጋዜጣ ሸፈንኩ። ቀጭን፣ ቆይቶ ቀጭን፣ ቆይቶ ትንሽ ወፈር ያለ። እጅ መቆም የለበትም፤ ከቆመ ይንጠባጠባል። አንድ ቦታ ቆመብኝ፤ የእንባ ያህል ወረደ።

ማታ መብራት ይዤ ወጥቼ አየሁት። ባለቤቴም ወጥታ አየች። "አሁን መኪና መሰለች" አለች። የኋላዋ ግን አሁንም በጉማጅ ላይ ነው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

የኋላው ፍሬን ተገጠመ። ሁለቱንም ወገን በአንድ ጊዜ መፍታቴ ስሕተት ነበር። የሞላዎቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ አንሥቻለሁ፤ የግራውንና የቀኙን ማስተካከያ ግን በአንድ ሳፋ አጥቤ በአንድ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኳቸው። (ሳፋው የልብስ ነበር፤ ስለሱ ከባለቤቴ ጋር የተባለውን አልጽፍም።) ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ክራቸው ግን በተቃራኒ ነው የሚዞረው። አቀያይሬ ስገጥማቸው፣ ፍሬኑ ሲያልቅ ሸራውን ወደ ታምቡሩ ማስጠጋት የነበረበት መሣሪያ ሊያርቀው ነው። በእጄ ሳዞረው ነው የገባኝ። ሞላዎቹን በፒንሳ እንደገና ማውለቅ፣ እንደገና መመለስ፤ አውራ ጣቴ ተቆርጧል።

ጎሚኒ ያለበት ነገር በቤንዚንም በናፍጣም አይታጠብም፤ ያብጣል። እኔ ንጹሕ የፍሬን ዘይት ነው የተጠቀምኩት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

አየር ማስወጣት። ከፋርማሲ የግሉኮስ ቱቦ ገዛሁ፤ አንዱ ጫፍ በሲሊንደሩ ማስተንፈሻ ላይ፣ ሌላው ጥቂት ዘይት ባለበት የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ። ከዋናው ሲሊንደር፣ የፔዳሉን ግፊት ተቀብሎ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ከሚገፋው፣ ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል፤ መሪዋ በግራ ስለሆነ የቀኝ የኋላው ነው የሚቀድመው። ልጄ ፔዳሉ ላይ፣ እኔ ከሥር።

"ርገጪ።"
"ረገጥኩ።"
"ያዢው!" እከፍታለሁ፤ ዘይቱ ከአረፋ ጋር እንደ ጠጅ እየተንተከተከ ይወርዳል። እዘጋለሁ።
"ልቀቂ።"

አንዴ ሳልዘጋ ለቀቀችው፤ ቱቦው አየሩን መልሶ ጠጣው፤ ከመጀመሪያው ጀመርን። የወጣው ዘይት የቡና አተላ ይመስላል። አራቱም ጎማ እስኪጠራ ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ ማጠራቀሚያውን በየመሐሉ ሞላን።

በመጨረሻ ፔዳሉ ጠነከረ፤ ደስ አለን። እግሬን ጭኜበት አንድ ደቂቃ ቆየሁ። ቀስ እያለ ወረደ። ሥላሴ ዕለት እንደወረደው።

የትም ምንም አይንጠባጠብም። ስለዚህ የሚያፈሰው በውስጡ ነው፤ ዋናው ሲሊንደር። መካኒኩ በስልክ አስረዳኝ። ፔዳሉ በዘወትር መንዳት ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሲሊንደሩ ግድግዳ ለዓመታት ያልተነካ፣ የዛገ ነው። አየር ስናስወጣ ልጄ እስከ ወለሉ ስትረግጥ፣ የጎሚኒው ከንፈር በዝገቱ ላይ ተጎትቶ ተቀደደ። ከፔዳሉ ሥር የእንጨት ቁራጭ ቢቀመጥ ኖሮ አይደርስም ነበር። የእንጨት ቁራጭ። ግቢው በጉማጅ ተሞልቷል።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ቡሄ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሰፈሩ ጅራፍ በጅራፍ ሆኗል፤ ጋሼ በየጩኸቱ "ይኼ ሐዲዱን የሳተ ምት ነው" ይላሉ።

ዋናውን ሲሊንደር እያወጣሁ ነበር። ቦታው በግራ በኩል፣ ከአዲሱ ፓራፋንጎ አንድ ክንድ አይርቅም። ቧንቧዎቹን ለቀቅሁ፣ ሲሊንደሩን አነሣሁ። በዚያው ቅጽበት ልጆች በሩን ከፍተው "ሆያ ሆዬ!" አሉ። ዞር አልኩ። ከሲሊንደሩ ውስጥ የቀረው ዘይት በፓራፋንጎው አናት ላይ እንደ እባብ ተንሸራትቶ ወረደ።

የፍሬን ዘይት የቀለም ጠላት ነው። ወዲያው በብዙ ውኃ ከታጠበ ሊተርፍ ይችላል፤ ዘይቱ በውኃ ይሟሟል። እኔ ግን በጨርቅ ጠረግሁት፤ ጠርጌ አሰፋሁት። ለልጆቹ ሙልሙል ሰጥቼ ስመለስ ቀለሙ ተጨማዶ እንደ ወተት ግልፋፊ ተሸብሽቧል።

ጋሼ ጣታቸውን አሳለፉበት። "ያኔ ዝም ያልኩት ለዚህ ነበር" አሉ።

"ቢነግሩኝ ምን ነበር፣ ጋሼ?"

"ትሰማኝ ነበር?"

ረቡዕ፣ ነሐሴ 21

አዲስ ዋና ሲሊንደር ተገጥሟል። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ አየሩን በድጋሚ አስወጣን፤ ከፔዳሉ ሥር እንጨት አስቀምጬ። እግሬን አንድ ደቂቃ ጫንኩበት፤ አልተነቃነቀም። ሁለት ደቂቃ፤ አልተነቃነቀም። ከዚያ በኋላ ነው ፓራፋንጎውን የላጥኩት፤ አሁን ሙሉ ቀለም ተቀብቷል። ስለ ሁለተኛው ቀለም የምጽፈው የለኝም፤ ከመጀመሪያው የተሻለ አይደለም፣ የእንባው ጠብታ ብቻ የለም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መንገዱ ባዶ እያለ ወደ አዘዞ ወጣሁ። መጀመሪያ በ20፣ ከዚያ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት። በቀጥታ ቆመች፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልጎተተችም። ደጋግሜ አቁሜ ታምቡሮቹን በእጄ ጀርባ አቅርቤ አየኋቸው፤ ሁለቱም እኩል ሞቀዋል፤ አንዱ ብቻ ቢግል ኖሮ የእጅ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል ማለት ነበር። ስመለስ ጎሃ ሆቴል አቀበት ላይ አቁሜ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ በስድስተኛው ጥርስ ያዘ። ከላይ ከተማው ጉም ውስጥ ነበር፤ የፋሲል ግንብ ጉልላቶች ብቻ ወጥተው ይታያሉ።

ፀሐይ ስትወጣ ፓራፋንጎው ከበሩ ይልቅ ቢጫነት እንዳለው አየሁ። በሱቁ መብራት አንድ ነበሩ። ይሁን።

ግቢ ስገባ ጋሼ ወጥተው ፓራፋንጎውን በጨርቅ አሹት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ምስጋና መሆኑ ነው። ከዚያ በመኪናዋ ዞረው በቀኝ በኩል ሄዱና የኋላውን በር በጣታቸው መገጣጠሚያ ቀስ ብለው አንኳኩ። ጆሯቸውን አዘነበሉ። እንደገና አንኳኩ፤ ደፍን አለ።

"ያቺን ማግኔት አምጪልኝ እስቲ፣ ልጄ" አሉ።